ለገና ወዴት ይወጣል?

የፈረንጆች ገና በተቃረበ ቁጥር በውጭ አገር በሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ልጆቹን ይዘን ወደ የትኛው የበረዶ ሸርተቴ መንደር እንሂድ የሚል ነው። ሻሞኒ ይሻላል? ወይስ ሴንት ሞሪትዝ? ወይስ ወደ ኦስትሪያ እንሻገር? ጥያቄው በስልክ ተሻግሮ እኛ ዘንድ ፀዳ ድረስ ደርሷል፤ ፎቶግራፉም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ነገር ግን ከፎቶግራፉ ጋር አንድ አነጋገር አብሮ መጥቷል፤ አገር ቤት ለልጆች የሚሆን ምንም ነገር የለም፣ ተራራውም ባዶ ተራራ ነው የሚል። ይባስ ብሎ ከመካከላችን የሰሜን ተራራ ሸርተቴ ካልተሠራለት ዋጋ አያገኝም የሚሉ ተነሥተዋል። መልስ የምንሰጠው ለነዚህ ሁለት አሳቦች ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በበረዶ ላይ መንሸራተትን አንነቅፍም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር ኰርተንበታል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን)። የምንነቅፈው ጨዋታውን ሳይሆን ያለ በረዶ ተራራ ተራራ አይደለም የሚለውን ፍርድ ነው።

እስቲ ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ እንመልከት። ልጆች ያሉት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመንደሩን ከፍታ ነው፤ ለምን ቢባል የዓለም ሙቀት እየጨመረ ስለ ሄደ ዝቅ ያሉት መንደሮች ለገና በረዶ ማግኘታቸው አስተማማኝ አይደለም፤ በመኪና የተሠራ በረዶ እየነፉ ዳገቱን ያለብሳሉ። ቀጥሎ ከአየር ማረፊያው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ለሕፃናት አሠልጣኝ መኖር አለመኖሩ፣ የጫማው፣ የሸርተቴው፣ የራስ ቁሩ ኪራይና የገመድ ማመላለሻው ቲኬት በየራስ ይሰላል። የገና ሳምንት ደግሞ ዋጋ ከሚንርባቸው ሳምንቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ከፍታ በዋጋ የሚፈለግ ነገር ከሆነ የሚከተለውን ልብ በሉ። ሻሞኒ 1,035 ሜትር ያህል፣ ሴንት ሞሪትዝ 1,800 ሜትር ያህል፣ ከፍ ያለ ነው የሚባለው ቫል ቶራንስ 2,300 ሜትር ነው። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ናቸው። ከቫል ቶራንስ በላይ ያለው የደባርቅ ሰው ቁሩን በጋቢና በእሳት ይችላል እንጂ ብርዱን የሚገዛው እንግዳ ገና አላገኘም።

በረዶስ? የሰሜን በረዶ በጥንት ዘመን የታወቀ ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ሠራዊቱ ከተከዜ ማዶ በሰሜን ተራሮች እስከ ጉልበት በሚያሰጥም በረዶ ውስጥ መዝመቱን ይናገራል። ዛሬም በራስ ደጀን ጫፍ አንዳንድ ጊዜ አመዳይ ይጥላል። ሆኖም አገራችን በ13ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ታኅሣሥም የበጋ ወር ነው። ሌሊት ሣሩ ውርጭ ይለብሳል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ታነሣዋለች። ስለዚህ ሸርተቴ ይሠራልን የሚለው ምኞት ከአየሩ ጠባይ ጋር የተጣላ ነው። ከሕሊናም ጋር ይጣላል። የሰሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ የወረዱት ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ቦታ ለመልቀቅ ነበር። ታዲያ ባላገሩን ከነገብስ ማሳው ካነሣን በኋላ ለከበርቴ መንሸራተቻ የብረት ምሰሶ ልንተክልበት ነውን?

አልፕስን የሚያደንቁ ወንድሞቻችን ያላዩት ትልቅ ነገር ግን ሌላ ነው። ሴንት ሞሪትዝ የምትገኝበት የግራውቡንደን ደጋ፣ እንደዚሁም የኦስትሪያዎቹ ቲሮልና ፎራርልበርግ፣ ልጆቻቸውን መመገብ ያቃታቸው አገሮች ነበሩ። ሕፃናቱ በየጸደዩ ተራራውን በእግር አቋርጠው ወደ ደቡብ ጀርመን እየወረዱ በከብት ጠባቂነት ይቀጠሩ ነበር፤ የሚመለሱት ክረምቱ ሲቃረብ ነው። ይህ ልማድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ዘልቋል። ነገሩ ለኛ እንግዳ ነውን? የበየዳና የጃናሞራ ወጣት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርደው፣ አንዳንዱም ወባ ይዞ የሚመለሰው በምን ምክንያት ነው?

የአልፕስን ድኻ ያነሣው ሸርተቴ ብቻ ነው የሚል ካለ ታሪኩን ይመርምር። የሻሞኒ የተራራ መሪዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1821 ነው፤ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ እዚያው ሻሞኒ የተደረገው በ1924 ነው። በመካከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አለ። በዚያ ዘመን እንግዳው ይመጣ የነበረው ሊሄድ፣ ሊወጣ፣ ሊያይ ነው። ሴንት ሞሪትዝም ከ1864 ጀምሮ የክረምት እንግዶች ስትቀበል እንግሊዞቹ የሄዱላት ለንጹሕ አየሯና ለፀሐይዋ ጭምር ነው። እንግዲህ የተራራውን ሰው ያበላው በመጀመሪያ የተማረውና ገንዘብ ያለው ሰው እግር ነው። አልጋ ተከራየ፤ ዳቦ ገዛ፤ መንገድ መሪ ቀጠረ።

እኛስ ዘንድ? በደባርቅ መንገድ መሪው፣ ጠብመንጃ ያዡ ስካውት፣ አብሳዩና ባለ በቅሎው ተራ ይጠብቃሉ። ከሳንቃበር እስከ ጭነቅ ባለው መንገድ ጭላዳው በመንጋ ሣር ይነጫል፤ ጅብራው ከጓሳው በላይ ቆሞ ይታያል፤ ገደሉም ዓይን ያፈዛል። ልጅ በዚህ ካልተደሰተ በምን ይደሰታል? በውጭ አገር የሚያድገው ልጅ የሻሞኒን ስም በቃሉ ያውቃል፤ ደባርቅ የምትባል ከተማ መኖሯን ግን አልሰማም። አያቱም የልጁን መልክ የምታውቀው በስልክ መስተዋት ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡብን እናውቃለን። አንደኛው የቀን ጉዳይ ነው፤ የፈረንጁ ገና ታኅሣሥ 16 ቀን ሲውል የኛው ታኅሣሥ 29 ነው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ይከፈታል። እውነት ነው፤ ጥምቀትን በፋሲል መዋኛ ማየትማ ለነሱ ከባድ ነው። ነገር ግን ተራራው የበዓል ቀን አይጠብቅም፤ በሁለቱ ገናዎች መካከል ያሉት ቀኖች በሰሜን የጠራ ሰማይ የሚታይባቸው ናቸው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ እርሱም የሰላም ጉዳይ ነው። በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በ2023 በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙውን እንግዳ ከመንገድ አስቀርቷል። መንገዱ ደኅና መሆኑ ሳይረጋገጥ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ ብለን ማንንም አንገፋም፤ ይህን የሚል ሰው አላፊነት አይሰማውም። የምንለው ግን ይህ ነው፤ መንገዱ ተዘጋ ማለትና በመንገዱ ጫፍ ምንም የለም ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሐዘን ነው፤ ሁለተኛው ክህደት ነው።

የክህደቱም ሥር በውጭ አገር ብቻ አይደለም። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ተመርቀው ከሚወጡት ስንቶቹ ሳንቃበርን ረግጠዋል? ከመምህራኖቻችንስ ስንቶቹ ናቸው? እኛ ያልወጣንበትን ተራራ በጄኔቭ በኩል የሚያልፈው ዘመዳችን እንዲወጣው መጠበቅ ግብዝነት ነው።

ስለዚህ ለወገኖቻችን የምንለው፦ በየዓመቱ ወደ አልፕስ የምትሄዱ ከሆነ፣ ሰላም በሆነበት አንድ ዓመት የገናውን ገንዘብ ለባለ በቅሎው አምጡለት፤ ለልጆቻችሁም ከዛሬ ጀምራችሁ ስለ ዋልያው ንገሯቸው። ለማኅበራችን የምንለው፦ መንገዱ በሚፈቅድበት ወቅት ለገና ዕረፍት ወደ ሰሜን የሚወጣ ጉዞ ይዘጋጅ፤ እያንዳንዱም ተጓዥ መሪውንና አብሳዩን በተገቢው ዋጋ ይክፈል። መምህራን ሆይ፣ እናንተም ከፊት ውጡ። ሸርተቴ አንጠይቅም፤ እግር አለን።