ጥምቀትን በፓስፖርት መቁጠር

የጎንደር ጥምቀት ባለፈ ማግስት የሚቀርበው ሪፖርት መልኩ የታወቀ ነው፤ ይህን ያህል የውጭ ቱሪስት፣ ይህን ያህል የአገር ውስጥ ጎብኚ፣ ይህን ያህል ገቢ። ዳያስፖራውም እንደ ዓመቱ ሁኔታ አንድ መስመር ይደርሰዋል። ለመሆኑ ከዚህ ሠንጠረዥ በዓሉን ማን በዓል እንዳደረገው ማወቅ ይቻላል?

በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ከፊት ከፊት የሚሮጡትን ወጣቶች እንያቸው። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል። ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ በትከሻ ተሸክመው ሕዝቡን እየሰነጠቁ ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ እንደገና ያነጥፋሉ። ላብ ነው፣ ግፊያ ነው፣ ሳቅ ነው። እነዚህ ጎብኚ ናቸው ወይስ አስተናጋጅ? ከአዲስ አበባ ለዚሁ ብሎ የመጣ ጓደኛቸው የምንጣፉን ጫፍ ሲይዝስ ከየትኛው ይመደባል? ሆቴል አላደረም፤ አክስቱ ቤት መደብ ላይ ነው የተኛው። አልጋ ተቆጥሮ እንግዳ ከተገመተ፣ ይህ ልጅ ጎንደርን ረግጧል ወይስ አልረገጠም?

የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጥምቀት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ቦጎታ ላይ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገበ። ያኛው ድንጋይ ነው፤ ይኼኛው ግን ሰዉ ተሰብስቦ የሚያደርገው ነገር ነው። ታዲያ ለድንጋዩ የሚበቃው የመግቢያ ትኬት ቆጠራ ለሁለተኛው እንዴት ይበቃል?

አሁን አሁን የቱሪዝም ጥናት ሰዎች፣ እንግዳን በአገሩ ሳይሆን ከማን ጋር እንደሚውልና ከሌሎች ጋር ሆኖ ለበዓሉ ምን እንደሚጨምር አይታችሁ መድቡት ይላሉ። ይሻላል። ግን ሰው በተመደበበት ይረጋል? በከተራ ካሜራውን አንግቶ ብቻውን ዳር ሲቆም የነበረው ፈረንጅ፣ ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ሲገባ ከጨፋሪው መሀል እጁን ተይዞ ትከሻውን ሲነቀንቅ እናገኘዋለን። የትኛው ቀን ላይ ነው የምንመዘግበው? ደግሞስ ምደባው ለምን ተፈለገ? በደንብ ለማስተናገድ ከሆነ እሰየው። ጭፈራውን አጥሮ በር ላይ ለማስከፈል ከሆነስ? (አይደረግም አይባልም።) ጨፋሪዎቹ ከቀሩ ከፋዩ ምን ሊያይ ይመጣል?

ጉዳዩ የገበያ ብቻም አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት፣ እዚያው ጥምቀተ ባሕሩ ዳር የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። ስንቱ ተቀምጦ ማየት እንደሚፈልግ፣ ስንቱ ከማኅበሩ ጋር እንደሚንቀሳቀስ፣ ስንቱ ልጅና አዛውንት ይዞ እንደሚመጣ ሳይታወቅ መቀመጫ በምን ስሌት ይሠራል? መተላለፊያስ በምን ይለካል? የዜግነት ቁጥር ለዚህ መልስ አለው?

እንግዲህ ለቆጣሪዎቻችን አንድ ልመና አለን። በመጪው ጥር ቅጹ ላይ ከዜግነት በታች ሦስት ጥያቄ ጨምሩ፤ ከማን ጋር መጡ? የት አደሩ? በበዓሉ ላይ ምን ሠሩ? ሆቴል በር ላይ ብቻ ሳይሆን ምንጣፍ ተሸካሚዎቹንም ጠይቋቸው።