ጠፋ የተባለው ሕዝብና ያልተነበበው መጽሔት

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ገደማ ነው ተብሎ ሲነገር፣ ቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ተገኘ። ጉዳዩ ምክር ቤት ድረስ ደረሰ። አንዱ «ሕዝቡ ሆን ተብሎ ተቀነሰ» አለ፣ ሌላው «ትንበያው ነው የተሳሳተው» አለ። ይኸው ዛሬም ቆጠራ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ከነበረበት ይጀምራል።

እንዲህ ያለ ክርክር በጩኸት አይዳኝም። የትንበያውን ስሌት፣ የወሊድና የሞት መጠኑን፣ የፍልሰቱን ሒሳብ ዘርግቶ «ስህተቱ እዚህ ጋ ነው» የሚባባሉበት መድረክ ይፈልጋል። የስታቲስቲክስ መጽሔት ሥራው ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ ማኅበር የራሱ መጽሔት እንዳለው ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ ስንቱ ያውቃል? ቢያውቅስ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ለተቆጠረው ገበሬ ምኑ ነው?

ሌላው ዓለም መጽሔቱን ያገኘው በጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ጋልተን፣ ፒርሰንና ዌልደን «ባዮሜትሪካ»ን ያቋቋሙት፣ የእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር ሒሳብን ከሥነ ሕይወት ጋር መቀላቀሉን ስላልወደደው ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ በዚያው መጽሔት ላይ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አንድ ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊው ጎሴት የደብሊኑ የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጥያቄው በጥቂት ናሙና ላይ ምን ያህል መተማመን ይቻላል የሚል ነው። ሰውየው ከገብስ ጋር የሚውል ነበርና ጥያቄው ከሥራው የወጣ ነው። መልሱን ዛሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይቀር ለፈተና ይሸመድደዋል።

ገብሱ ግን ጮቄ ላይም አለ። በየዓመቱ የግብርና ናሙና ጥናት ሲካሄድ ቆጣሪዎች ማሳ ይለካሉ፣ ከተመረጠ ቁራሽ መሬት ላይ ሰብል አጭደው ይመዝናሉ። ገበሬው በቃዳ የሚያውቀው መሬት በሄክታር ይመዘገባል። ውጤቱ የሚታተመው በዞን ደረጃ ነው፤ ለወረዳ ናሙናው አይበቃም። ስለዚህ የጮቄ ደጋ ገብስና ድንች፣ የአባይ በረሃ ማሽላ፣ የደብረ ኤልያስ ጤፍ «ምሥራቅ ጎጃም» በሚል አንድ ስም ሥር ይጠቃለላሉ። ማዳበሪያና የእርዳታ እህል ሲመደብ ደግሞ የሚጠየቀው የወረዳ ቁጥር ነው። ከየት ይምጣ? ይህ የጎሴት ጥያቄ ነው፣ ያውም ከቢራ የከበደ።

ዩኒቨርሲቲው ማስተማር የጀመረው ቆጠራው በተካሄደበት በዚያው በ1999 ዓ.ም. ነው። የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍልም አለው። መምህራኑ ግን የሚጽፉት ለደረጃ እድገት ነው፤ በስም ዓለም አቀፍ የሆነ፣ ገንዘብ ከፍለው የሚያሳትሙበት፣ ማንም የማያነበው መጽሔት እንኳ ለነጥብ ይያዝላቸዋል። በእነሱ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ሥርዓቱ የሚሸልመው ቁጥርን ነው (የስታቲስቲክስ ሰዎች በቁጥር ተይዘው መቅረታቸው ግን ያስቃል)።

ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። የአራተኛው ቆጠራ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ በ2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች አራዘሙት፣ ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። አንድ ቀን መቆጠሩ አይቀርም። የምክር ቤት ወንበርም የበጀት ድጎማም የሚከፋፈለው በሕዝብ ብዛት ነውና ያኔም ጠብ ይኖራል። የትንበያውን ስሌትና የናሙናውን አወጣጥ በአማርኛ አስቀምጦ ለትችት የሚያቀርብ፣ በዓመት ሁለቴ የሚወጣ ቀጭን መጽሔት ለማዘጋጀት ሕንጻ አያስፈልግም። መታተም ያለበት ግን ከቆጠራው በፊት ነው፤ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ዘዴውን የሚተች ሁሉ ወገንተኛ ይባላል።