ነጥቡ ከመነገሩ በፊት

ዛሬ የምናነሣት ሴት በአገራችን እምብዛም ከማይታወቅ ስፖርት የመጣች ናት። እኛ ኦሊምፒክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሩጫ ነው። በሩጫ ቀድሞ የገባ አሸነፈ፤ ክርክር የለበትም። ፊገር ስኬቲንግ የሚባለው የበረዶ ላይ ውድድር ግን ሌላ ነው። ተወዳዳሪዋ ስለት ያለው ጫማ አድርጋ ብቻዋን በረዶው ላይ ትወጣለች፤ በሙዚቃ ትንሸራተታለች፣ ትዘላለች፣ ትሽከረከራለች። ዳኞች ዳር ተቀምጠው ያዩአታል፤ ስትጨርስም ነጥብ ይሰጧታል። በምናወራበት ዘመን ከፍተኛው ነጥብ 6.0 ነበር። በሰው ዐይን እየተመዘነ ለሚኖር ሁሉ ይህ ስፖርት የሚነግረው ነገር አለ።

ጃኔት ሊን አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 በፈረንሳይ ግሬኖብል በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ስትወዳደር ገና 14 ዓመቷ ነበር፤ 9ኛ ወጣች። ከ1969 እስከ 1973 ደግሞ በተከታታይ አምስት ጊዜ የአገሯ ሻምፒዮን ሆነች። በክርስቶስ ያላትን እምነት ያልደበቀች፣ ስጦታዋንም የእግዚአብሔርን ፍቅር ለሰው የምታካፍልበት አድርጋ የምታይ ሴት ናት።

በዚያን ጊዜ ውድድሩ ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው ተወዳዳሪዋ የታዘዙ ቅርጾችን፣ ክብና የ8 ቁጥርን የመሰሉትን፣ በጫማዋ ስለት በረዶው ላይ ትስላለች፤ በዚያው መስመር ላይም ትደጋግማለች። ዳኞቹ ጎንበስ ብለው መስመሩን ይመረምራሉ። ተመልካች ብዙም የማይጓጓለት ይህ ሥራ የነጥቡን ግማሽ ይይዝ ነበር። ሁለተኛው ሕዝቡ የሚወደው፣ በሙዚቃ የሚቀርበው ነጻ ትርኢት ነው። ጃኔት በነጻው ትርኢት የተደነቀች ነበረች፤ በቅርጾቹ ግን ኦስትሪያዊቷን ቢያትሪክስ ሹባን የሚስተካከል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1972 በጃፓን ሳፖሮ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ጃኔት 18 ዓመቷ ነበር። ወደ ነጻው ትርኢት የገባችው በቅርጾቹ ብዙ ተበልጣ ነው። ያለቻት ዕድል ያቺ ብቻ ናት። በመካከሉ፣ ዘልላ ቁጢጥ ብላ መሽከርከር በሚገባት ቅጽበት፣ ሚዛኗን ሳተችና በረዶው ላይ በመቀመጫዋ ወደቀች። በዓለም ፊት፣ በቴሌቪዥን፣ የብዙ ዓመት ልፋት በሚመዘንበት ሰዓት። ተነሣች፤ ፊቷ ላይ የታየው ፈገግታ ነበር። ምንም እንዳልተፈጠረ በዚያው ደስታ ትርኢቷን ፈጸመች።

ሹባ ወርቁን፣ ካናዳዊቷ ካረን ማግኑሰን ብሩን፣ ጃኔት ነሐሱን ወሰዱ። የጃፓን ሕዝብ ልብ ግን ወድቃ ፈገግ ካለችው ልጅ ጋር ቀረ። በዚያ አገር እጅግ ተወዳጅ ሆነች፤ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠራች፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ስሟ አልተረሳም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለስብከት የሚመች ምሳሌ ይሆን ነበር። ግን አላበቃም። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ደንቡ ተለወጠ፤ የቅርጾቹ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ዝቅ አለ፤ አጭር ትርኢት የሚባል አዲስ ክፍልም ተጨመረ። ለጃኔት በር የተከፈተላት መሰለ። ሆኖም በ1973 ብራቲስላቫ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ በዚያው በአዲሱ አጭር ትርኢት ሁለት ጊዜ ወደቀች። በቅርጾቹ እንኳ በርትታ ነበር፤ የወደቀችው በምትችለው በኩል ነው። ሁለተኛ ወጣች። የዓለም ሻምፒዮን ሳትባል ከአማተር ውድድር ተሰናበተች።

በዚያው ዓመት ከአንድ የበረዶ ላይ ትርኢት ድርጅት ጋር የ1.45 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመች። በጊዜው ለሴት ስፖርተኛ ከፍተኛ የተባለ ገንዘብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን አስም ትንፋሿን አሳጥሮባት ለዓመታት መድረኩን ተወች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመልሳ ታየች።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። ይህ ታሪክ በእኛ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቢመሰከር ኖሮ የት ላይ እናቆመው ነበር? ምናልባት 1.45 ሚሊዮኑ ላይ። እልል ብለን፣ አጨብጭበን፣ «ጌታ ታማኝ ነው» ብለን እንቀመጥ ነበር። በእርግጥም ታማኝ ነው። ግን በሁለቱ የብራቲስላቫ ውድቀቶች ጊዜስ ታማኝ አልነበረም? ትንፋሽ ባጠረ ጊዜስ?

ችግራችን እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። የምስክርነት ጊዜያችን የአሸናፊዎች ጊዜ ሆኗል። ቪዛ የወጣለት ይመሰክራል፤ ያገባች ትመሰክራለች፤ ሥራ ያገኘ ይመሰክራል። መልካም ነው፤ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ቪዛ የተከለከለውና ዘንድሮም ያላገባችው ከኋላው ወንበር ሆነው አንድ ነገር ይማራሉ፤ እግዚአብሔር ለሌላው እንጂ ለእኔ አይደለም የሚለውን። ማንም ከመድረክ አላስተማራቸውም፤ ዝምታችን አስተማራቸው።

ወጣቶቻችንን ተመልከቱ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከመቶ ልጆች ከ96 በላይ የሚሆኑት አላለፉም ማለት ነው። እነዚህ የእኛው ልጆች ናቸው፤ በመዘምራን ቆመው የነበሩ፣ በወጣቶች ኅብረት የጸለዩ። ውጤት በወጣበት ሳምንት ስንቶቻችን ቤታቸው ሄድን? ስንቶቻችንስ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ስንት አመጣህ?» አልን? «ዛፍ ሲወድቅ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ምሳር የማይነሣባት አንዲት ስፍራ መሆን ነበረባት።

«ታዲያ ስንፍናን ልናበረታታ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሹባ ወርቁን ያገኘችው በሚገባት ነው፤ ሕዝብ ያላጨበጨበለትን ሥራ በትዕግሥት ሠርታለች። ለእርሷም ክብር ይገባታል፤ ከእርሷም የምንማረው አለ። ጃኔትም በፈገግታ ብቻ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን አልሆነችም። ደግሞም ሚዛን ስቶ መውደቅና በኃጢአት መውደቅ አንድ አይደሉም። በኃጢአት የወደቀ ንስሐ ያስፈልገዋል፤ ፈተና ያላለፈ ልጅ ግን ንስሐ አያስፈልገውም፤ ወንድም ያስፈልገዋል። እኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አደባልቀን ያልተሳካለትን ሰው እንደ ኃጢአተኛ እናየዋለን።

ሥነ መለኮቱም ግልጽ ነው። ጌታችን በዮርዳኖስ ሲጠመቅ አባቱ ስለ እርሱ ደስ እንደሚለው ከሰማይ ተናገረ። ይህ የሆነው አንድ ድውይ ሳይፈወስ፣ አንድ ስብከት ሳይሰበክ ነው። የአባቱ ድምፅ ከአገልግሎቱ በፊት መጣ። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በእነርሱ መፈረድ ለእርሱ እጅግ ትንሽ ነገር እንደሆነ፣ በራሱ ላይ እንኳ እንደማይፈርድ፣ የሚፈርድበት ጌታ እንደሆነ ነግሯቸዋል (1ኛ ቆሮ. 4፥3-4)። ሰባዎቹ ደቀ መዛሙርት በድል ሐሴት አድርገው ሲመለሱ ጌታ ደስታቸውን ከድሉ አንሥቶ ስማቸው በሰማይ በመጻፉ ላይ አኖረው (ሉቃ. 10፥20)። በድል ላይ የተመሠረተ ደስታ ድሉ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ስማችን የተጻፈበት ግን አይፋቅም።

ጻድቅ ከቶ አይወድቅም የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ አናገኝም። ሰባት ጊዜ ቢወድቅ እንደሚነሣ ነው የተጻፈው (ምሳ. 24፥16)። የሚነሣውም በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሳይወድቅ አስቀድሞ የወደደው ስላለ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። አጥቢያዎቻችን በምስክርነት ጊዜ ቢያንስ አልፎ አልፎ ነገሩ ገና ያልተፈጸመለትን ሰው ያቁሙ። «አልተሳካልኝም፤ ጌታ ግን አልተወኝም» የሚል ሰው ይናገር። የፈተና ውጤት በሚወጣበት ሳምንት ሽማግሌዎችና የወጣት መሪዎች መጀመሪያ የሚያንኳኩት ያላለፉትን በር ይሁን። ሲገቡም ስለ ነጥብ አይጠይቁ፤ ቡና ይጠጡ፣ ይጸልዩ፣ ቀጥሎ ምን ይሻላል ብለው አብረው ያስቡ።

እምነትን በመፈለግ ላይ ሆነህ ይህን የምታነብ ወዳጃችን፣ ደጃችንን ለመርገጥ መጀመሪያ መሳካት ያለብህ መስሎህ ከሆነ ያንን እንድታስብ ያደረግንህ እኛ ነን፤ ወንጌሉ አይደለም። ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው። ነጥብህ ከመነገሩ በፊት ዋጋህ ተከፍሏል። እንዳለህ ና።

ጌታ የወደቀውን የምናነሣበት እጅ፣ ወድቀንም የምንነሣበት ደስታ ይስጠን። አሜን።