ሩጫና ብስክሌት ለኅዳር ብቻ?



የታላቁ ሩጫ ካናቴራ በቤታችሁ ስንት አለ? ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር 10 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ጫማው አልጋ ሥር ይገባል፤ ሰኔ ሲደርስማ ጨርሶ ይረሳል። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ክረምት ሆነ ተብሎ አይቋረጥም። እንቅስቃሴስ ለምን ይቋረጣል? ለወራት ያዳበራችሁት የልብ ብርታት በጥቂት ሳምንታት መቀመጥ መቀነስ ይጀምራል።

«ከተማችን ዳገት ነው» የሚለውን ምክንያት መድኃኒት ቤት ቆሜ ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔ ግን እንደ ጥቅም ነው የማየው። ቦሌ 2,300 ሜትር አካባቢ፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ወይም ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ፈጠን ብሎ የወጣ ሰው ሳይሮጥም ልቡን በደንብ አሠርቷል። ጉልበትን ይበልጥ የሚያስቸግረው ቁልቁለቱ ነው፤ ሩጣችሁ ብትወጡም በእርጋታ ውረዱ።

በክረምት ዝናቡ የሚበረታው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከሱብሒ በኋላ ያለው ጊዜ ይመቻል። ብስክሌት ነጂዎች፣ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ፍሬናችሁን ሞክሩ። ጎርፍ የሸፈነው መንገድ ውስጥ አትግቡ፤ ከሥሩ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። በታኅሣሥ ደግሞ የማለዳው ብርድ አስም ይቀሰቅሳልና ፓፋችሁን ከኪሳችሁ አትለዩ።

እኅቶች፣ በሒጃብ መሮጥ ያሳፍራል ትሉኛላችሁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር እንደተሽቀዳደሙ መድረሳ የተማረ ሁሉ ያውቃል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ቀሚሳችሁ በብስክሌቱ ሰንሰለት እንዳይያዝ።

አቴኖሎል የምትወስዱ የልብ ምት ቆጥራችሁ ድካማችሁን አትለኩ፤ መድኃኒቱ ምቱን ይይዘዋል። እየሄዳችሁ አጭር ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ ደግሞ ከረሜላ ያዙ። መንቀጥቀጥ፣ ላብና ድንገተኛ ረሃብ ከመጣ ቁሙና ብሉት። አቴኖሎልም አብራችሁ የምትወስዱ ከሆነ የልብ ትርታውና መንቀጥቀጡ ሊደበቅ ይችላል፤ ላቡን ጠብቁ።

ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ወቅቱን ሁሉ ይዞራል። ጤነኛ ሰው ከመግሪብ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀለል አድርጎ ቢንቀሳቀስ ወዲያው ውሃ ያገኛል። እነዚህን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስድ ግን ይህን ሰዓት አይሞክረው፤ ለመጾሙም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ጾሙ ይፈታል። «አዛን ሊል 10 ደቂቃ ነው የቀረው» ብላ የታገሠች እናት ዳገቱን ወጥታ በራችን ላይ ስትዝለፈለፍ አይቻለሁ። ራሷን ሳትስት ደረስንላት። በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ስናጠጣት አዛኑ ገና አላለም ነበር።