ቆጣሪውና ግብር ሰብሳቢው

ነጋዴ በሩ ሲንኳኳ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ግብር ነው። የሕዝብ ቆጣሪ መጥቶ “ስንት ሰው ይኖራል?” ሲለው አንዳንዱ ቤተሰቡን ይቀንሳል፤ አንዳንዱም “የለም በሉት” ያሰኛል። አይፈረድበትም። ቆጠራው የሚጠይቀው ግን ዕድሜን፣ ትምህርትን፣ የመኖሪያ ቤቱን ሁኔታ እንጂ የሱቅ ሽያጭን አይደለም።

የ1987ቱ ቆጠራ ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ የ1999ኙ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መዝግቧል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም አራተኛውን ሁለቱ ምክር ቤቶች በ2011 ዓ.ም. አስተላልፈውታል። የፌዴራል ድጎማ ሲከፋፈል የሕዝብ ብዛት አንዱ መመዘኛ ነውና የተደበቀ ልጅ ከክልሉ ድርሻ ይጎድላል። ዘይትና ስኳር በጅምላ ወደየከተማው የሚጭነውም ያለ አዲስ ቁጥር በግምት ነው የሚጭነው፤ ለዚያውም ግምቱ ሲስት ኪሣራው የራሱ ነው።

መጠንቀቅ አያስነውርም። መታወቂያ ጠይቆ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ መመለስ ይቻላል። ገንዘብ፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ቆጣሪ አይደለም፤ ለወረዳው ማሳወቅ ነው።

ትልቁ ዕዳ ያለው ግን መንግሥት ላይ ነው። የግለሰብ መረጃ በምስጢር እንዲጠበቅ የስታቲስቲክስ ሕጉ ያዛል። አንድ የቆጠራ ቅጽ ግብር ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ የተገኘ እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መርካቶ ውስጥ በር የሚከፍት አይገኝም።