የዕድር ድንኳን ስንት ያወጣል?

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ፣ ሌሊት ሰው ያረፈ እንደ ሆነ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ በየመንደሩ እየዞረ ያስታውቃል። ወዲያው ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ትናንት በአጥር ምክንያት የተጣላው ጎረቤት ሳይቀር ከለቀስተኛው ጋራ ወደ መቃብር ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ድካሙ ደመወዝ የሚቈርጥለት የለም። ሞት ነገ በእርሱ ቤት ቢገባ ግን እንዲሁ እንደሚደረግለት ያውቃል።

ይህን የመሰለው ነገር ከፍልስፍና የሚቈጠር መሆኑን የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር፣ ዣን ክሎድ ሚሼአ የተባለውን ፈረንሳዊ እናስተዋውቀው። ሚሼአ በ1950 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ አባቱ በኮሙኒስቶች ጋዜጣ ላይ ስለ ስፖርት ይጽፍ የነበረ፣ ራሱም ዕድሜውን በሞንፔልዬ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፍልስፍና ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። የእግር ኳስ ወዳጅነቱንም አይሸሽግም። ሶሻሊስት ነኝ ይላል፤ ነገር ግን ብርቱውን ትችቱን የሚያወርደው በዘመኑ ግራ ክንፍ ላይ ነው።

ነገሩን የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት አውሮፓውያን በሃይማኖት ምክንያት እርስ በርሳቸው ተላልቀው ሲደክሙ፣ ሊቃውንቶቻቸው ሰዎች መልካም በሆነው ነገር ላይ ይስማማሉ ብለው ተስፋ ማድረግን ተዉ፤ እንግዲህ መንግሥት በማንም እምነት አይግባ፣ ሰውን ከሰው የሚያያይዙት ሕግና ገበያ ብቻ ይሁኑ አሉ። ሊበራሊዝም የሚባለው ሐሳብ ከዚህ ተወለደ፤ ሚሼአም በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ «የትንሹ ክፋት ግዛት» ብሎ ሰየመው። ገበያው በቀኝ እጅ፣ የግል ነፃነቱ በግራ እጅ ይምጣ እንጂ፣ እንደ እርሱ አባባል ሁለቱም የአንድ ሰውነት እጆች ናቸው። ዳሩ ግን ሕግና ገበያ ሰውን ሰው የሚያደርገውን ነገር ከራሳቸው ሊያፈልቁ አይችሉም። ያ ነገር መስጠት፣ መቀበልና መመለስ ነው፤ ማርሴል ሞስ የተባለው ሊቅ በ1925 እ.ኤ.አ. ስለ ስጦታ ከጻፈው የተወሰደ ነው። ሚሼአ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከጆርጅ ኦርዌል በተዋሰው ቃል የተራው ሰው ጨዋነት ይለዋል።

እኛ በአገራችን ቃል ዕድር፣ ደቦ፣ ወንፈል ብንለው ከሐሳቡ የራቅን አይመስለንም። ዕድር መዝገብ አለው፤ ከቀብር የቀረውን አባል በገንዘብ ይቀጣል። የቸሮች ማኅበር አይደለም፤ ሞስም ስጦታ ግዴታ ያለበት ነገር መሆኑን ነው ያስተማረው።

አሁን ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ወደ አራቱም ማዕዘን ስትሰፋ፣ በዙሪያዋ የነበረው የገብስና የጤፍ ማሳ ፋብሪካ፣ የመኖሪያ መንደርና መጋዘን ሆነ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ያስነሣው ተቃውሞ ስንት ሕይወት ካስከፈለ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ሸገር በተባለች አንዲት ከተማ ተጠቃለሉ።

በዚህ ሁሉ መካከል ሕጉ ያደረገውን መመልከት ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው ለለቀቀ ገበሬ የሚሰጠው የመፈናቀያ ካሣ፣ የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣው 15 ሆነ፤ ሒሳቡም ከሦስቱ ዓመታት በበለጠው ገቢ እንዲሠራ ታዘዘ። ከዚህም በላይ ይኸው አዋጅ ለተነሺው ማኅበራዊ ትስስሩ ስለ መቋረጡ ካሣ እንዲከፈለው ደነገገ። ሕግ አውጪው ጕርብትና ሲፈርስ አንድ ነገር እንደሚጠፋ ማወቁ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የጠፋውን ሊተካው የሚችለው በብር ብቻ ሆነ፤ ፈረንሳዊው መምህር ሕግና ገበያ ያለው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የሚያገኝለት አይመስለንም።

በግራ ክንፍ ላይ ያለው ቅሬታስ ምንድን ነው? በ19ኛው መቶ ዓመት የሠራተኛው ሶሻሊዝምና የግራው ክንፍ የዕድገት እምነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ በመቶ ዓመቱ መጨረሻ በድሬፉስ ክስ ጊዜ ቀኙን ለመመከት ተባበሩ፤ እየቈየም ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዋጠው ይላል። ከዚያ በኋላ በቀዬውና በልማዱ የተያያዘ ድኻ ሁሉ ኋላ ቀር ተባለ። ቢጫ ሰደርያ ለባሾቹ በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. በነዳጅ ቀረጥ ምክንያት መንገድ ሲዘጉ፣ ሚሼአ ከእነርሱ ጎን የቆመው ስለዚህ ነው።

ይህ ወቀሳ እኛንም ሳይነካን አያልፍም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ለገበሬው የቆረጡ ነበሩ፤ ነገር ግን ከእነርሱ በኋላ የመጣን ምሩቃን ብዙዎቻችን ገበሬውን የምናውቀው ልናሻሽለው እንደሚገባ ሰው ብቻ ነው። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዕድር ስብሰባን የጊዜ ማባከኛ ብዬ አላግጥ ነበር።

ቢሆንም ሚሼአን እስከ መጨረሻው ልንከተለው አንችልም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሣው ጥቃት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ተፈናቀለ። ከተጠቁት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ጕርብትና በዚያች ሌሊት ማንን እንደ ጎረቤት እንደሚቈጥር ለይቶ ነበር፤ ለተለየው ሰው የሚደርስለት ሕግ እንጂ ልማድ አልነበረም። ሕጉም ዘገየ። ይሁን እንጂ ወሬው አርባ ምንጭ ደርሶ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም አባቶቻቸውን ተራምደው ማለፍ አልቻሉም። ያንን ያደረገው ፖሊስም ካሣም አይደለም። ሁለቱን ነገሮች በአንድ አሳብ ለማስማማት ሞክረን አልሆነልንም፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሰበታ የምትኖር አንዲት አክስት አለችኝ። መንደራቸው ለመንገድ ሥራ ሲነሣ ካሣው ተከፍሏቸው ግማሾቹ ወደ አንድ ወገን፣ ግማሾቹ ወደ ሌላው ሄዱ። የዕድሩን ገንዘብ በቍጥር ተካፈሉት፤ ድስቱንና ወንበሩንም እንዲሁ። ድንኳኑ ላይ ሲደርሱ ግን ለስንት እንሽጠው የሚል ክርክር ተነሣ። ምን አደረጋችሁት ብዬ ብጠይቃት፣ «ምን እናደርገዋለን ልጄ፣ ድንኳን ተቀዶ አይካፈል» አለችኝ። እስከ ዛሬ በእርሷ ቤት ጓዳ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሰው ሲሞት ከሁለት ታክሲ ወርደው መጥተው ይወስዱታል።