ሥልጠናው ከሽንኩርቱ ማሳ ይጀምር

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ የሚነግድ ሰው፣ የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ለማሳወቅ የሚያስቡ ወጣቶች ቢነሡ ደስ ሊለው ይገባል። እንዲህ ያለውን አሳብ ከጅምሩ የሚያሠለጥኑና የሚመክሩ ድርጅቶች በኢትዮጵያ ከተቋቋሙ ቈይተዋል፤ አይስአዲስ በአዲስ አበባ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መግባቱ መልካም ነው። አስቀድሞ ግን ወጣቱ አንድ የሽንኩርት ወራት ከነጋዴው ጋር በማሳ ዳር ቢውል ይበጀዋል። ሽንኩርት እንደ ማሾ በመጋዘን ተቀምጦ ዋጋ አይጠብቅም፤ ካሚዮን በዘገየ ቍጥር ኪሳራው በገዢው ላይ ይወድቃል፤ ይህንንም ከከተማ ያልወጣ መካሪ ላያውቀው ይችላል። ድርጅቱ ስለሚሰጠው መነሻ ገንዘብ የባለቤትነት ድርሻ የሚጠይቅ እንደሆነ፣ ውሉን ከመፈረም በፊት ለአንድ የበሰለ ነጋዴ ማሳየት ነውር የለበትም። ነጋዴውም፣ ትርፍን መሸሸግ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ የመንገዱንና የብልሽቱን ወጪ በግልጽ ይንገረው።